ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገር ገመና

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዓመቱ ውስጥ በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን ቆማችሁ ስላሰባችሁልን እናመሰግናለን። የገንዘብ ያዡ ሪፖርት ተሰምቷል። የድንኳኑም፣ የወንበሩም፣ የመዋጮውም ነገር በሚገባ ተነግሯል። እኛ አሁን የምናነሣው ጉዳይ በሪፖርቱ ውስጥ የለም፤ በብርም አይቆጠርም። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ከሚጠፋብን ድስትና ሰሐን ሁሉ ይልቅ ከብዶናል። ይኸውም ከስልክ ወደ ስልክ የምንቀባበለው ፋይልና አብሮት የሚሾልከው ገመናችን ነው።

«እድርና ስልክ ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። እኛም እንዲሁ ስንል ነበር። እንግዲህ ያገናኛቸውን እንናገር።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መልእክት መላክ ባይቻልም የሰፈሩ ሰው ግን ሥዕልና ፊልም መቀባበሉን አልተወም። ልጆቻችን ዜንደር በሚሉት፣ ሼርኢት በሚሉት፣ ያም ካልሆነ በብሉቱዝ፣ ስልክን ከስልክ አጠገብ እያስቀመጡ ይሰጣጡ ነበር። ከፒያሳ የወጣ ፋይል ቅዳሜ ገበያ ያድራል፤ ከገበያተኛ ጋር አምባ ጊዮርጊስን አልፎ፣ ዳባት ገብቶ፣ ደባርቅ ይደርሳል። መስመር አያስፈልገውም፤ የሰው እጅ ይበቃዋል።

በዚያው ጊዜ ከአባሎቻችን አንዲት እናት አረፉ። ስማቸውን አንጠራም፤ ይህንንም የምንናገረው ቤተሰቡ ፈቅዶልን ነው። ሴት ልጃቸው በሰው አገር፣ በአረብ ቤት ተቀጥራ ትኖራለች። ወንድሞቿ መርዶውን እንደ ወጉ ለማርዳት አስበው ነበር። እዚያ ያሉ ያገሯ ልጆች ከሥራ የምታርፍበትን ቀን ጠብቀው፣ ተሰብስበው፣ በማለዳ ሄደው፣ ይዘዋት እንዲነግሯት ተስማምተው ነበር። እሷ ግን ከዚያ ቀን በፊት፣ ሌሊት፣ ብቻዋን በቀጣሪዎቿ ማድ ቤት ሆና ስልኳን ስትከፍት የእናቷን ቀብር በፊልም አየች። ሣጥኑን አየች፤ ወንድሞቿ ሲያለቅሱ አየች። የሚይዛት ሰው አልነበረም። ጮኻ እንኳ እንዳታለቅስ የሰው ቤት ነው።

መርዶ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ለእናንተ አንነግርም። የጥሩንባ ነፊያችን እንኳ የትኛው በር ላይ ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ፣ የትኛውን ቤት ዝም ብሎ እንደሚያልፍ ያውቃል። ፋይል ግን እንዲህ ያለ ወግ አያውቅም።

«ማን ላከው?» ብለን ስንጠይቅ ስንከታተል የደረስንበት አሳፈረን። የላከው ጠላት አይደለም። ፊልሙን ያነሣው ከእኛው ከኮሚቴው አንዱ ነው፤ መምጣት ላልቻሉ ዘመዶች እንዲታይ ብሎ። ለአንድ የወንድም ልጅ ሰጠ። የወንድሙ ልጅ ለጓደኛው ሰጠ። ጓደኛው ደባርቅ ላለች አክስቱ በሰው እጅ ላከ። ከዚያ ለአንድ ሹፌር ደረሰ። ሹፌሩ አዲስ አበባ ሲገባ ኢንተርኔት አገኘና ለአንድ ወዳጁ በቴሌግራም ላከው። ያ ወዳጅ ደግሞ «ያገርሽ ሰው መሰሉኝ» ብሎ ለልጅቱ ላከላት። ስድስት እጅ ነው። ስድስቱም «እኔ እኮ የሰጠሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው።

በዚያው ፊልም ጎን ሌላም ነገር ሄዷል። የኮሚቴው አባል ስልክ ላይ ፊልሙ የነበረበትን ክፍል ሙሉውን ምልክት አድርጎ ስለሰጠ የእድራችን መዝገብ ሁለት ገጽ በፎቶግራፍ አብሮ ተላልፏል። የአባል ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የባለቤት ስም፣ የልጆች ብዛት፣ ያልከፈለበት ወር ሳይቀር ተጽፎበታል። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የማይታወቅ ሰው ለሦስት አባሎቻችን እየደወለ፣ በስማቸው እየጠራ፣ «ከእድሩ ነው፤ ያለብዎትን የሁለት ወር መዋጮ በዚህ ቁጥር ይላኩ» አላቸው። አንዷ እናት ላኩ። ከዚያው ገጽ ይሁን ከሌላ ቦታ ያገኘው ማረጋገጥ አልቻልንም። ነገር ግን ስማቸው ከነዕዳቸው በዚያ ገጽ ላይ ነበረ።

ስለሆነም ጉዳዩን ከሚያውቁ ልጆቻችን ጠይቀን የተረዳነውን በቀላል ቋንቋ እናቀርባለን።

መጀመሪያ፣ ጎን ለጎን ሆኖ ስለ መሰጣጠት። ዜንደርም ሆነ ሼርኢት የሚሠሩት አንዱ ስልክ ራሱ ትንሽ ዋይፋይ ከፍቶ ሌላው ወደሱ በመግባት ነው። ለዚህ ነው ካርድም ዳታም የማይፈልጉት። የሚሠሩት መልካም ነው፤ በዚያ በተዘጋው ጊዜ ስንቱን ጠቅመዋል። ነገር ግን ስልኩ ሲከፈት ስሙን ለአካባቢው ሁሉ ያሳያል። ብዙዎቻችን ስልካችን ላይ የራሳችንን ስም ከነአባት አስጽፈናል። በአውቶቡስ ውስጥ ወይም በሻይ ቤት ስንከፍተው «እኔ እገሌ ነኝ» ብለን እንደ መጮህ ነው። የሚሰጠውም ሰው በጥድፊያ የተሳሳተ ስም ይነካል፤ ወይም እንደኛው የኮሚቴ አባል አንዱን ፈልጎ ሙሉውን ይሰጣል።

መሣሪያዎቹም ራሳቸው ነውር አላቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያ በአንድሮይዱ ሼርኢት ውስጥ ሌላ ክፉ ፕሮግራም ገብቶ የሰውን መረጃ ሊያይበት የሚችል ቀዳዳ ማግኘቱን ገለጠ። ሼርኢት በዚያን ጊዜ ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ የወረደ ነበር። ኩባንያው ቀዳዳውን ደፍኛለሁ ያለው ነገሩ ይፋ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያም በፊት የህንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ሼርኢትንና ዜንደርን ጨምሮ 59 ከቻይና ጋር የተያያዙ ፕሮግራሞችን የአገር ደኅንነትንና የሰውን መረጃ ምክንያት አድርጎ አግዷል። በዚያ ውስጥ የሁለቱ አገሮች ጠብም አለበት፤ እኛ በዚህ አንፈርድም። ለኛ የሚበቃን ትምህርት ግን አለ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ፕሮግራሙን ራሱን ከሰው ስልክ ነበር የምንቀበለው። ቀዳዳው የተደፈነበትን አዲሱን ይሁን የድሮውን፣ ሰው የነካካው ይሁን ያልነካካው፣ የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። አሁን መስመር ባገኘን ጊዜ ያንን አጥፍቶ ከትክክለኛው ቦታ እንደገና ማውረድ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ከሩቅ ሆኖ ስለ መሰጣጠት። ይህ የተማሪ ልጆቻችን ጉዳይ ነው፤ ቶሬንት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ናፕስተር የሚባል የዘፈን መለዋወጫ አሜሪካ ውስጥ ተነሥቶ ነበር። ማን ምን እንዳለው የሚያሳየው ዝርዝር በአንድ ቦታ ይቀመጥ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ብራም ኮኸን የሚባል ሰው ቢትቶሬንትን አወጣ። በዚህኛው ፋይሉ በትናንሽ ቁራጭ ይከፋፈልና የሚያወርድ ሁሉ ያገኘውን ቁራጭ ወዲያው ለሌላው ይሰጣል። ይህ እኮ የኛው ወንፈል ነው! የወገራ ገበሬ ዛሬ የጎረቤቱን ማሳ ያጭዳል፤ ነገ ጎረቤቱ የሱን።

ወንፈል ግን በስውር አይወጣም። ማሳው ላይ ማን እንደቆመ መንገደኛው ሁሉ ያያል። ቶሬንትም እንዲሁ ነው። አንድን ፋይል ለማውረድ የገባ ሰው የኢንተርኔት አድራሻው፣ አይፒ የሚሉት ቁጥር፣ አብረውት ላሉት ሁሉ ይታያል። ፋይሉን ሳይፈልግ አድራሻ ለመልቀም ብቻ የሚገባም አለ። አድራሻው በቀጥታ ስምን አይናገርም፤ ነገር ግን መስመሩን የሰጠው ድርጅት የትኛው ደንበኛ እንደሆነ ሊያውቅ ይችላል፤ ሲም ካርዱም የሚወጣው በመታወቂያ ነው። እንግዲህ «ከብዙ ሰው ጋር ስለሆንኩ አልታወቅም» ማለት ስሕተት ነው። ሰው በበዛ ቁጥር የሚያየን ይበዛል።

ልጆቻችን «ቪፒኤን አለን» ይላሉ። ቪፒኤን ጥቅም አለው። አብረው የሚያወርዱት ሰዎች የሚያዩት የቪፒኤኑን አድራሻ እንጂ የኛን አይደለም፤ መስመር የሰጠንም ድርጅት ውስጡን አያነብም። ነገር ግን ሁሉን የሚያየው አሁን የቪፒኤኑ ባለቤት ሆነ ማለት ነው። በነፃ ሲሰጠን በምን ይተዳደራል ብለን ልንጠይቅ ይገባል። ጎረቤት እንዳያየኝ ብሎ የቤቱን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው መስጠት እንዳይሆን። ደግሞም ቪፒኤኑ በድንገት ሲቋረጥ ቶሬንቱ በእውነተኛው አድራሻ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ቪፒኤኑ ሲቆም ማውረዱም አብሮ እንዲቆም አስቀድሞ ማስተካከል ያሻል።

ቶር የሚባለውም አለ። መልእክትን በሦስት እጅ እያዞረ የላኪውን ማንነት ይሰውራል። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 መታገዱን የቶር ሰዎች ራሳቸው አስታውቀው ነበር። እነዚሁ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2010 «ቶሬንትን በቶር አትጠቀሙ» ብለው አሳስበዋል። ምክንያቱም አንዳንድ የቶሬንት ፕሮግራሞች እውነተኛውን አድራሻ በመልእክቱ ውስጥ ጽፈው ይልካሉ። ፖስታው ላይ የላኪውን ስም ደብቆ ደብዳቤው ውስጥ መፈረም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ገመናን መጠበቅ ሌላ፣ የሰውን ድካም መውሰድ ሌላ ነው። የዘፋኙና የደራሲው ሥራ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። የምንመክረው የሰው ንብረት ተደብቆ እንዲወሰድ አይደለም። ሊኑክስን የመሰሉ በነፃ የተሰጡ ፕሮግራሞችም በቶሬንት ይሰጣሉ። ያንን የሚያወርድ ልጅ ምንም ያላጠፋ ሲሆን አድራሻው ግን እኩል ይታያል። ገመና ለአጥፊ ብቻ የሚያስፈልግ ቢሆን ኖሮ እኛ ለቤታችን አጥር ባላጠርን ነበር።

ሦስተኛ፣ በፋይሉ ውስጥ ስለ ተደበቀው ጽሑፍ። ድሮ ፎቶግራፍ ስንነሣ ከጀርባው ስምና ቀን እንጽፍ ነበር፤ ፎቶ ቤቱም ማኅተሙን ያሳርፍበታል። የዛሬው የስልክ ፎቶግራፍም ጀርባ አለው፤ እኛ አናየውም እንጂ። የተነሣበት ቀንና ሰዓት፣ የስልኩ ዓይነት፣ ስልኩ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት ደግሞ የቆምንበት ስፍራ በቁጥር ይጻፍበታል። በግቢያችን የተነሣ የልጅ ፎቶ የግቢያችንን ቦታ ይዞ ይሄዳል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ይህ ጽሑፍ ይራገፋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አይራገፍም። በዜንደርና በመሳሰሉት የሚሰጠው ዋናው ፋይል ስለሆነ ሁሉንም እንደያዘ ይሻገራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የካሜራውን የቦታ ፈቃድ መዝጋት። የተጻፈው ቢፋቅ እንኳ መልክ፣ ድምፅና ከኋላ ያለው ግድግዳ እንደማይፋቅ አንርሳ። የቀብር ፊልም ማን ከማን ጎን እንደቆመ ያሳያል። በደኅና ቀን ይህ ምንም አይደለም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ለቅሶ የደረሰ ሰው ለምን እንደደረሰ ሊጠየቅበት ይችላል።

የሚቀበልም ሰው አደጋ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2013 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎችን ፎቶግራፍ ማባበያ አድርጎ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገባ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ማግኘቱን ገልጧል። የሚያውቀውን ፊት አይቶ የማይከፍት የለም። ስለዚህ ከማናውቀው ሰው፣ ከምናውቀውም ቢሆን ሳንጠይቀው የመጣን ፋይል አንክፈት። ምን እንዳለበት ሳናውቅ የተቀበልነው ፋይል በኛ ስልክ ላይ ሲገኝ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

አራተኛ፣ ስለ ሚሞሪ ካርድ። ዘፈንና ፊልም የሚያስሞሉ ልጆች ካርዱን እንዳለ አውጥተው ለባለ ሱቁ ይሰጣሉ። የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉ በዚያው ካርድ ላይ ነው። «አጥፍቼዋለሁ» የሚለውም አይበቃም። ከካርድ የተሠረዘ ፋይል ከእድር መዝገብ እንደተሠረዘ ሰው ነው፤ ስሙ ከመዝገቡ ጠፋ እንጂ ሰውዬው ከሰፈር አልወጣም። ሌላ ነገር እላዩ ላይ እስኪጻፍበት ድረስ የሚያውቅበት ሰው ሊያወጣው ይችላል። ለማስሞያ ሌላ ባዶ ካርድ መያዝ፣ ስልክ ለጥገና ሲሰጥ ካርዱን አውጥቶ ማስቀረት ይሻላል።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፣ በፖስታም በስልክም በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያም የሚያደርገውን ግንኙነት አይደፈርም ይላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ክትትሉም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የሰውን መረጃ የሚይዝ ለምን እንደሚይዘው ሊያውቅና ሊጠብቀው እንደሚገባ ያዛል። የስንቱን ቤት ስምና ቁጥር በመዝገብ የያዝን እኛም ይህን ልብ ልንል ይገባናል።

ነገር ግን ሕጉም መሣሪያውም ስድስቱን እጆች አያስቆማቸውም። ይህን ከልባችን እንናገር። እንዲህ ባለው መሰጣጠት የሚቀበል ሁሉ ሰጪ ነው። መሐል ቆሞ «ይህ ይለፍ፣ ያ ይቅር» የሚል ዘበኛ የለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም። እንግዲህ ዘበኛው እያንዳንዳችን ነን። እድርም እኮ እንዲሁ ነው የቆመው። አንዱ ቤት ያላዋጣ እንደሆነ ድንኳኑ ይጎድላል።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኖ ለጉባኤው አቅርቧል። በሕመም አልጋ ላይ ያለ ሰው እንዳይነሣ። ቀብርና ለቅሶ የሚነሣው ቤተሰቡ ሲፈቅድ፣ ቤተሰቡ በመረጠው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን። ያልተረዳ ዘመድ እስካለ ድረስ አንድም ፎቶግራፍ ለማንም እንዳይተላለፍ፤ ይህንንም ጥሩንባ ነፊያችን ድንኳን ሲተከል «መርዶ አልደረሰም፣ ስልክ አታውጡ» እያለ እንዲናገር። የእድሩ መዝገብ በሣጥን ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ በስልክ እንዳይነሣ፤ የተነሣም ካለ ዛሬውኑ እንዲጠፋ። የእድር ገንዘብ በስልክ ጥሪ እንደማይጠየቅ ሁሉም አባል እንዲያውቅ።

ለየቤታችን ደግሞ፣ የስልካችንን ስም ከስማችን ወደ ሌላ እንለውጥ። ተሰጣጥተን ስንጨርስ ብሉቱዙንና ዋይፋዩን እንዝጋ። ከመስጠታችን በፊት ምልክት ያደረግነውን እንቁጠር፤ አንድ ፈልገን አርባ እንዳንሰጥ። ስልክ ለማያውቁ እናቶችና አባቶች ሁለት ወጣቶች እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በእድሩ ቢሮ ተቀምጠው ሊያስተካክሉላቸው ቃል ገብተዋል። እማማ፣ አባባ፣ አትፈሩ፤ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። ልጆቹ ፊታችሁ ይሠራሉ እንጂ ይዘውት አይሄዱም።

ያቺ ልጅ ባለፈው ዓመት መጥታ የእናቷን መቃብር አይታለች። እኛም ቤቷ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። «እናንተ ከሩቅ እንዳልቀር ብላችሁ ነው» አለችን። ከዚያም ቀጥላ «እንዲያው አንድ ሰው አጠገቤ ቢኖር» አለች። መልስ አልነበረንም። ዛሬ በጉባኤ ፊት የቆምነውም ስለዚያው ነው። እድር የተቋቋመው ሰው በኀዘኑ ጊዜ ብቻውን እንዳይሆን ነበርና።

የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ በሕይወት ያለነውን ፈጣሪ ይጠብቀን።